አፍንጫዬን ያቃጠለኝ ጨው በዝቶ ነው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ ዕድሜዬ 31 ነው። መስከረም ጠብቶ ሜዳው ማበብ ሲጀምር አፍንጫዬ ይደፈናል። እስከ ጥር ይዘልቃል። ጧት ጧት አስነጥሳለሁ፣ ዓይኔን ያሳክከኛል፣ ግንባሬን ይከብደኛል። 'ሳይነስ ነው' ተብዬ አምና ብቻ ሦስት ጊዜ አሞክሳሲሊን ወስጃለሁ። በቅርቡ የሥራ ባልደረባዬ 'በጨው ውሃ እጠቢው' አለችኝ። ውሃ አፍልቼ፣ የቧንቧ ቀዝቃዛ ቀላቅዬበት፣ ጨው ቆንጠር አድርጌ ጨመርኩና በእፍኜ እየያዝኩ ወደ ላይ ሳብኩት። አናቴ የተቃጠለ መሰለኝ፣ ጆሮዬም ተደፈነ። ጨው አብዝቼ ነው? ደግሞ እናቴ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ መጥታ እኔ ጋ ናት። አፍንጫዋ ውስጥ ቅርፊት ይጋገራል፣ አንዳንዴ ይደማል፤ ይቅርታ አርግልኝና ይሸታል። እሷ ግን አይታወቃትም። ለሷም ላጥብላት? የ6 ዓመት ልጄስ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጨው አላበዛሽም። አሳንሰሻል።

ይሄን ለታካሚዎቼ ስነግራቸው የቀለድኩ ይመስላቸዋል። ቁስል ላይ ጨው ሲነሰነስ እንደሚያንገበግብ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ አፍንጫም ሲቃጠል ጥፋተኛው ጨው ነው ይባላል። እስቲ አንድ ነገር አስቢ። ስታለቅሺ እንባሽ ዓይንሽን ያቃጥልሻል? አያቃጥልም። እንባ ደግሞ ጨው ጨው ይላል። ፊትሽን ስትታጠቢ ድንገት ውሃ ወደ አፍንጫሽ ሲገባስ? እስከ አናትሽ ይሰማሻል። ያ ውሃ ጨው የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰውነታችን ፈሳሽ በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም ያህል ጨው እንዳለው ውሃ ነው። ከዚያ የቀጠነ ውሃ የአፍንጫን የውስጥ ሽፋን ሲነካው ሴሎቹ ውሃውን ወደ ውስጣቸው ይስባሉ፤ ያብጣሉ፤ ነርቮቹም ይቆጣሉ። ከዚያ በጣም የበዛ ጨውም ያቃጥላል፤ እሱም አይካድም። ግን በጣት የተቆነጠረ ጨው ለአንድ ጆግ ውሃ ምኑም አይደለም። አንቺ አፍንጫሽን ያጠብሽው በባዶ ውሃ ነው ማለት ይቻላል።

ልኩን ልንገርሽ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ መለኪያሽ ይሁን። ለሱ ሙሉ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው። ማንኪያው ተራራ ሆኖ የተከመረ አይደለም፤ አናቱን በቢላ ጀርባ ጠረግ አድርገሽ የተስተካከለ። የኛ ቤት ማንኪያዎች መጠናቸው እንደ ባለቤቱ ነው፤ አንዱ ጠለቅ ይላል፣ አንዱ ጠፍጣፋ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ዳኛ ምላስሽ ነው። ቅመሺው። እንባ እንባ ካለሽ ልክ ነው። እንደ ወጥ ካለሽ በዝቷል፤ ምንም ካላለሽ ጨምሪበት።

ጨዉ ንጹሕና ደቃቅ ይሁን። አዮዲን የሌለው ቢገኝ ይመረጣል፤ ነገር ግን በአገራችን ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ሕጉ ስለሚያዝ ማግኘቱ ቀላል አይደለም። ያለሽን ተጠቀሚ። ትንሽ ከቆጠቆጠሽ በዚያው ግማሽ ሊትር ላይ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሪ፤ ያለዝበዋል። ሶዳ ነው ያልኩሽ፣ ፓውደር አይደለም! ቤኪንግ ፓውደር ለኬክ ማስነሻ አሲድና ስታርች የተቀላቀለበት ሌላ ነገር ነው። ሱቅ ስትልኪ ልጁ የትኛውን ይዞ እንደመጣ እይ።

አሞሌም አይሆንም። አንድ አባት «የድሮው ጨው ይሻላል» ብለው በጨርቅ የተቋጠረ የአሞሌ ስባሪ ይዘው መጥተው ነበር። ለሸዋ ሰው አሞሌ ትልቅ ነገር እንደነበር አልክድም። ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ ገበያ ላይ የአፋር ግመሎች ጨው ያራግፉ ነበር፤ አሞሌ እንደ ገንዘብም ተገበያይተውበታል። አፈርና ሌላ ማዕድን ስለተቀላቀለበት ግን ለከብት ይሁን እንጂ ለአፍንጫ አይሆንም። ሳቁና መልሰው ቋጠሩት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደብዳቤሽን ሳነብ ያስደነገጠኝ ጨዉ አይደለም። «የቧንቧ ቀዝቃዛ ቀላቅዬበት» ያልሽው ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ውሃውን ያፈላል፤ ይፈጀዋል፤ ከዚያ ለብ እንዲልለት ያልፈላ ውሃ ያፈስበታል። በቃ፣ የማፍላቱ ድካም ከንቱ ቀረ።

«ይሄን ውሃ እኮ በየቀኑ እጠጣዋለሁ» ትይኝ ይሆናል። ትክክል። የምትጠጪው ውሃ ጨጓራ ውስጥ አሲድ ይጠብቀዋል። አፍንጫ አሲድ የለውም። የአፍንጫ ጣሪያ ደግሞ ከአንጎል የሚለየው እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስስ አጥንት ነው፤ የማሽተት ነርቮች በዚያ በኩል ያልፋሉ። ሞቅ ባለ፣ ጨዋማ ባልሆነ ውሃ ውስጥ የሚኖር ናግሌሪያ ፋውለሪ የሚባል አሜባ አለ። ሰው ቢጠጣው ምንም አያደርገውም። በአፍንጫ ከገባ ግን ያንን ነርቭ ተከትሎ አንጎል ይደርሳል፤ ከያዘው ሰው የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት ሁለት ሰዎች አፍንጫቸውን ባልፈላ የቧንቧ ውሃ አጥበው በዚሁ ሞተዋል። በሽታው በጣም ብርቅ ነው፤ አሜባው ሙቀት ስለሚወድ የደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ይልቅ ዕድሉ ያንሳል። ላስፈራራሽ አይደለም። ግን ለሦስት ደቂቃ ማፍላት ማን ይከራከራል? ደግሞ ከአሜባው ሌላ የምንጭና የጉድጓድ ውሃ የሚያመጣው ባክቴሪያ ብዙ ነው።

ሦስት ደቂቃ ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። ከፍታ ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ባሕር ዳርቻ ላይ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውሃ እናንተ ጋ 90 እና 91 አካባቢ ላይ ይንፈቀፈቃል። ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ አልበስል እያለ እናቶችን የሚያስመርረው በዚሁ ምክንያት ነው። ውሃው ይፈላል፤ የሚጠበቀውን ያህል ግን አይሞቅም። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ ሰው ውሃው በደንብ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ያቆየው። ቆላ ላይ አንድ ደቂቃ ይበቃል። አረፋ አየሁ ብለሽ እንዳታወርጂ፤ ሰዓት ተመልከቺ።

ነዳጁም ሆነ መብራቱ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ የምመክረው ይሄን ነው። ጧት ለቡናም ለሻይም መጣዱ አይቀርም። በንጹሕ ድስት ግማሽ ሊትር ለብቻው ጣጂ፤ ጨዉን እዚያው ሲፈላ ጨምሪበት። ክዳኑን ሳታነሺ ይቀዝቅዝ። ለብ ሲል፣ ማለትም የእጅሽ አንጓ ላይ ጠብ ስታደርጊው ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማሽ፣ ልኩ ነው። የተረፈውን ንጹሕ ፔርሙዝ ውስጥ ዝጊበት። ማታ ተጠቀሚው። በማግስቱ ግን ድፊው።

ፋብሪካ ያሸገው ውሃም ለመጠጥ እንጂ ከጀርም ሁሉ የጸዳ ተብሎ አልተሠራም፤ እሱንም አፍዪው። ክሎሪንና ውሃ አጋር ለመጠጥ ጥሩ ናቸው፤ ለአፍንጫ ግን ማፍላቱን አይተኩልሽም። ጠበልም ቢሆን ጠጪው፣ ተጠመቂው፤ በአፍንጫ መሳቡ ግን ይቅር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኢንተርኔት ላይ «የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ» የሚል ያነበቡ ሰዎች ጋራዥ ሄደው የባትሪ ውሃ ገዝተው አጋጥመውኛል። እግዚኦ ነው! የባትሪ ውሃ ለመኪና ነው። አንዳንዱማ አሲድ ያለበት ነው።

ማፍላቱ የማይመችሽ ቀን ፋርማሲ ሄደሽ ኖርማል ሳላይን መግዛት ትችያለሽ። በፕላስቲክ ታሽጎ ሰው ሲተኛ በደም ሥር የሚሰጠው ነው። ልኩ ተስተካክሎ፣ ከጀርም ጸድቶ የመጣ 0.9 በመቶ የጨው ውሃ ነው። ስትጠይቂ ግን ጠንቀቅ በይ። በኛ አገር በደም ሥር የሚገባውን ሁሉ «ግሉኮስ» ነው የምንለው። «ግሉኮስ ስጠኝ» ካልሽ ባለሙያው የጠየቅሽውን፣ ስኳሩን፣ ሊሰጥሽ ይችላል። «ሶዲየም ክሎራይድ 0.9» በይው፤ ጽሑፉንም አንብቢ። ከተከፈተ በኋላ ከ24 ሰዓት በላይ አታቆዪው።

ወደ አስተጣጠቡ ልግባ። በእፍኝ መሳብ ይቅር። በእፍኝ ስትስቢ ከውሃው የሚበልጠው ጉልበቱ ነው፤ ጆሮሽን የደፈነውም እሱ ነው። ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ጆሮ የሚሄድ ቀጭን ቱቦ አለ፤ በኃይል ስትስቢ፣ ውሃው እየገባ ስትውጪ ወይም ሁለቱንም ቀዳዳ ይዘሽ ስትናፈጪ ፈሳሹ ወደዚያ ይገፋል። ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ራሱ ይከፈታል። ካመመሽ ወይም ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ግን ጆሮሽን አሳዪ።

የሚያስፈልግሽ አንድ ባለ 20 ሚሊ ሲሪንጅ ነው፤ መርፌው የተነሳለት። ወይም ሲጫኑት የሚረጭ ለስላሳ ጠርሙስ። በህንድ አገር ለዚህ ሥራ ሻይ ማቅረቢያ የመሰለ ዕቃ አላቸው። አንዲት ታካሚዬ ፎቶውን አይታ «ይሄማ ጀበና ነው» አለችኝና ተሳሳቅን። ጀበናውን ግን ለቡና ተይው፤ ሸክላ ውሃ ይጠጣል፣ ውስጡን አጥቦ ማጽዳት አይቻልም።

እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ሳፋ ወይም ገንዳ ላይ ጎንበስ በይ። ራስሽን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጊ፤ ግንባርና አገጭሽ በአንድ ደረጃ ይሁኑ። አፍሽን ክፈቺ፣ በአፍሽ ተንፍሺ። «አ…» እያልሽ ብትቆዪ ይበልጥ ይቀላል፤ ላንቃሽ ከፍ ብሎ ውሃውን ከጉሮሮሽ ይከለክልልሻል። የሲሪንጁን ጫፍ ከላይ በኩል ባለው ቀዳዳ አስጠጊ። አቅጣጫው ወደ መሐል ግድግዳው አይሁን፤ ወደዚያው ጎን ዓይንሽ የውጭ ጥግ ይሁን። ቀስ ብለሽ ግፊው። ውሃው በላይኛው ገብቶ በታችኛው ሲወጣ ታያለሽ። መጀመሪያ ቀን ትደነግጪያለሽ፤ ሁለተኛው ቀን ትለምጂዋለሽ። ለአንድ ጎን 100 ሚሊ ያህል፣ ማለትም አምስት ሲሪንጅ፣ ይበቃል። ከዚያ ጎን ቀይሪ። ሲያልቅ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለሽ፣ ሌላውን ቀዳዳ ሳትይዢ ተናፈጪ።

ከዚያ በኋላ ቶሎ ወደ ሥራ አትሩጪ። ይሄን ከራሴ ነው የተማርኩት። ተማሪ ሳለሁ ጉንፋን ይዞኝ ጧት አፍንጫዬን አጥቤ ወደ ክፍል ገባሁ። አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ የታካሚ ካርድ ላይ ልጽፍ ጎንበስ ስል ያ ሁሉ የጨው ውሃ ዝርግፍ አለና ካርዱን አራሰው። ታካሚዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ አሁንም ይታየኛል። ውሃው ጉንጭና ግንባር ውስጥ ባሉት ክፍት ቦታዎች ያቁራል። ስለዚህ ስትጨርሺ ወገብሽን ሰብረሽ፣ ራስሽን ወደ ታች ደፍተሽ፣ ግራና ቀኝ አዙረሽ አንጠፍጥፊው። ልትተኚ ስትይም አትጠቢ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም አድርጊው። ደብረ ብርሃን ላይማ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሳይነሳ በርጥብ አፍንጫ መውጣት ራሱ ቅጣት ነው።

ሲሪንጁን በፈላ ውሃ አለቅልቀሽ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርቂው። በየሳምንቱ ቀይሪው። ለሌላ ሰው አታውሺ፤ ለእናትሽም ለልጅሽም የየራሳቸው ይኑራቸው።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ምን ይሠራል? አፍንጫ የሚያጣብቅ ስስ ንፍጥ እያመረተ አቧራውን፣ ጭሱን፣ የአበባ ዱቄቱን ይይዛል። ለዓይን የማይታዩ ጸጉሮች ደግሞ ያንን ወደ ጉሮሮ ይጠርጋሉ፤ ሳናውቀው እንውጠዋለን። ንፍጡ ሲወፍር ጸጉሮቹ ይደክማሉ። የጨው ውሃ ያንን ያቀጥናል፣ የተጣበቀውን ያወርዳል። ያጥባል። ከዚያ ያለፈ ነገር አትጠብቂበት። የተጣመመ አጥንት አያቀናም፣ ያደገ ሥጋ አያሟሽሽም፣ አለርጂን ከሥሩ አይነቅልም።

የአንቺ ደግሞ ለኔ አለርጂ ነው የሚመስለኝ። ማስነጠስ፣ የዓይን ማሳከክ፣ በየዓመቱ በዚያው ወቅት መምጣቱ… ባክቴሪያ የቀን መቁጠሪያ አይቆጥርም። ክረምቱ ሲወጣ ሣሩና አበባው አለ። ጥቅምት ኅዳር ሲሆን አጨዳው ይከተላል፤ የገብስ ውቂያ ገለባ በነፋስ ከተማ ድረስ ይደርሳል። በዚያ ላይ ደረቅ ብርድ። «ሳይነስ» የሚለው ቃል እኛ ጋ ለሁሉም ሆኗል። ግንባሩን ያመመው ሁሉ ሳይነስ አለብኝ ይላል፤ ብዙዎቹ ሲመረመሩ ማይግሬን ወይም አለርጂ ነው። አሞክሳሲሊን ለሁለቱም አይሠራም። ንፍጥ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻም አንቲባዮቲክ አያስፈልግም። ጉንፋን ከአሥር ቀን በላይ ሳይሻለው ሲቀር፣ ወይም ተሽሎ ሳለ እንደገና ሲያገረሽ፣ ያኔ ነው ስለ ባክቴሪያ የምናስበው።

ላንቺ የሚጠቅመው በወቅቱ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ማጠብና ሐኪም ካየሽ በኋላ በአፍንጫ የሚነፋ ስቴሮይድ ነው፤ እንደ ሞሜታዞን፣ ፍሉቲካዞን ያለ። መጀመሪያ ታጥበሽ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይተሽ ንፊው። የቆሸሸ ግድግዳ ላይ ቀለም አይቀባም አይደል? በአንድ ቀን ለውጥ አትጠብቂ፤ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። እኔ እንዳንቺ ላሉት ጳጉሜ ላይ ጀምሩ እላለሁ፤ አደይ ሳይፈነዳ።

ቶሎ የሚከፍተውን ጠብታ ግን ተጠንቀቂው። ዛይሎሜታዞሊን የሚባለው በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫን ይከፍታል፤ ሰው ይወደዋል። ከአምስት ቀን በላይ ሲወሰድ ግን አፍንጫ ያለሱ አልከፈት ይላል። ጠብታውን እንደ ሞባይል ኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ፣ ሌሊት ትራስ ሥር የሚያስቀምጡ ሰዎች በየሳምንቱ ይመጡብኛል። ማስተዉ ከበሽታው ይከብዳል።

ዳማ ከሴ አሽቶ ማሽተቱን አልጠላውም፤ ሽታው ደስ ይላል። ጭማቂውን አፍንጫ ውስጥ ማንጠብጠቡን ግን አልደግፍም። በተለይ «ሳይነስን ነቅሎ ያወጣል» ተብሎ በአፍንጫ የሚጨመረውን። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን የሚንዠቀዠቀው ውሃ በሽታው እየወጣ አይደለም። የተለበለበ አፍንጫ የሚያለቅሰው ለቅሶ ነው። በፈላ ውሃ መታጠንም ቢሆን ፎጣ ተከናንቦ ልጅ አጠገብ አይደረግ፤ ሲገለበጥ ያቃጠላቸውን ልጆች አይቻለሁ።

ስለ ልጅሽ አጭር ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ከፈቀደ ይችላል። በትንሽ ሲሪንጅ፣ 20 ወይም 30 ሚሊ፣ መጀመሪያ አንቺ ስትታጠቢ እያየ። ከፈራ ይቅር፤ እያለቀሰ ተይዞ የሚታጠብ ልጅ ውሃውን ወደ ጆሮውም ወደ ሳንባውም ይስበዋል። ለሱ ሁለት ሦስት ጠብታ ሳላይን በቂ ነው። ጡት ለሚጠባ ሕፃንም እንዲሁ። ቅቤ ግን በፍጹም! ለጋ ቅቤ በአፍንጫ ማንጠብጠብ ከልማዳችን ነው፤ ቅባቱ ወደ ሳንባ ሲወርድ ግን ለመታከም የሚያስቸግር የሳንባ ምች ያመጣል። ልጁ ደግሞ በአንድ ቀዳዳው ብቻ የሚሸት ንፍጥ ካለው ማጠብ አይደለም መፍትሔው። ሽምብራ፣ ዶቃ ወይም የስፖንጅ ቁራጭ ከቶ ይሆናል። ውሃ ሲያገኝ ሽምብራው ያብጣል፤ ሳትነካኪው አምጪው።

ራሱን ወይም ፊቱን በቅርብ የተመታ ሰው፣ በቅርቡ አፍንጫው ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ጆሮው የሚያመው፣ አፍንጫው ጭራሽ የተደፈነ ሰው ሐኪም ሳያየው አይታጠብ። ዓይኑ ዙሪያ ያበጠ፣ ማየቱ የደበዘዘ፣ ከባድ ራስ ምታትና ትኩሳት ይዞት አንገቱ የገተረ ሰው ደግሞ ውሃ አያፍላ፤ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ።

አሁን ወደ እናትሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ያነበብኩት ለሳቸው ስል ነው።

ቅርፊት፣ ሽታ፣ እሳቸው ግን ሽታው የማይታወቃቸው። ይሄ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የማስበው የአፍንጫ ሽፋን መሳሳት የሚባለውን ሕመም ነው። ከወንድ ይልቅ ሴቶችን ይይዛል። የአፍንጫው ሽፋን እየሳሳ፣ እየደረቀ ይሄዳል። ንፍጡ መርጠቡ ቀርቶ ይጋገራል፤ ባክቴሪያ ይሰፍርበታል፤ ይሸታል። የማሽተት ነርቭም አብሮ ስለሚጎዳ ባለቤቱ አያሸተውም። አፍንጫው ውስጡ ሰፊ ሆኖ ሳለ «ተደፈነብኝ» ማለታቸውም የተለመደ ነው፤ አየሩ ሲያልፍ አይሰማቸውማ። መንዝ ላይ እንጨት እንደ ልብ ስለማይገኝ በብዛት የሚነደው ኩበት ነው፤ የስንት ዓመት የኩበት ጭስ የደከመ አፍንጫን ምን እንደሚያደርገው አንቺ ራስሽ ታውቂያለሽ።

እባክሽ፣ ንጽሕና ጉድለት እንዳይመስላችሁ። ሰው አጠገባቸው መቀመጥ ሲሸሽ፣ ቡና ላይ ወንበሩ ራቅ ሲል ምክንያቱን ሳያውቁ ለዓመታት የኖሩ እናቶች አጋጥመውኛል። አንዲቱ «ልጆቼ የጠሉኝ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ስለዚህ ንገሪያቸው። ለብቻቸው፣ ቀስ ብለሽ፤ «እማዬ፣ ያፍንጫሽ ሕመም ሽታ አለው፤ አንቺ እንዳትሰሚው ያደረገውም ሕመሙ ነው» ብለሽ።

ለሳቸው የጨው ውሃ ተጨማሪ ነገር አይደለም፤ ዋናው ሕክምና ነው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ በብዛት፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ። ቅርፊቱን በጣት ማንሳት ያቆስላል፤ ውሃው አለስልሶ ራሱ ያውርደው። ከዚያ በኋላ እርጥበት የሚይዝ ጠብታ፣ ለምሳሌ ግሉኮስ የተቀላቀለበት ግሊሰሪን፣ ሐኪሙ ያዝላቸዋል። በትክክል ሲታጠብ ሽታው በሳምንታት ውስጥ ሲቀንስ አይቻለሁ።

ግን ሳይታዩ አትጀምሪላቸው። ቅርፊትና ደም ሌላም ነገር ይሆናል። የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) አፍንጫንም ሊይዝ ይችላል። በደጋው አገራችን ያለው ቁንጭርም ከፊት ቆዳ አልፎ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ዕጢም አለ፤ በተለይ ደሙ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ። ከምንጭ የሚጠጡ ከሆነ ደግሞ አልቅትን አልረሳም። ውሃ ሲጠጡ ገብቶ አፍንጫ ጀርባ ተጣብቆ ለሳምንታት ደም ሲያፈስ የከረመ አልቅት እናወጣለን። የጨው ውሃ አልቅትን ያስለቅቀዋል፤ እውነት ነው። የለቀቀው አልቅት ግን ወደ ጉሮሮና ወደ አየር ቧንቧ ሊወርድ ይችላል። ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። ደም ግፊታቸውም ይለካ፤ የደም ግፊት መድኃኒት ወይም አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነ ይዛችሁ ኑ።

የአንገት በላይ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ውሰጃቸው። የቀጠሮው ቀን ጧት አፍንጫቸውን አታጥቢላቸው፣ ቅርፊቱንም እንዳያነሱት ንገሪያቸው። እናቶች ሐኪም ዘንድ ሲመጡ ተሰናድተው፣ ጸድተው መምጣት ይወዳሉ። እኔ ደግሞ ማየት የምፈልገው ያንኑ ቅርፊት ነው።